መምህርትን ለርዕሰ መምህርነት ማብቃት፦ ከመስከረም እስከ ርክክብ፣ በጅማ ላሉ አማካሪዎች

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች መምህራትን ለአመራር እናበቃለን ከሚሉ አማካሪዎች ዓመት በዓመት የምሰማው ሁለት ዓይነት ስሞታ ነው። አንዱ «መከርኳት፣ አበረታታኋት፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ግን አላመለከተችም» ይላል። ሌላው «አመልክታ ቃለ መጠይቁ ላይ ወደቀች» ይላል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ አማካሪው ዓመቱን ሙሉ ሲያወራ ቆየ እንጂ ሥራ አልሰጣትም።

እኔም በዚህ ወድቄአለሁ። ሱፐርቫይዘር በነበርኩበት ጊዜ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት በየሳምንቱ ቡና እየጠጣን አጽናናት ነበር። ፈተናው ላይ «የክፍለ ጊዜ ድልድል እንዴት ትሠሪያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ዝም አለች። ሠርታ አታውቅማ! እኔም አሠርቻት አላውቅም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሥራን ከራስ እጅ አውጥቶ እሷ እጅ ላይ ስለ ማኖር ነው። የተጻፈው ለርዕሳነ መምህራን፣ ለምክትሎቻቸውና ለሱፐርቫይዘሮች ሲሆን፣ ወንድ አማካሪዎች የተለየ ጥንቃቄ የሚያደርጉበት ቦታ ደረጃ 2 ላይ ተጠቅሷል።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይመድቡ። መስከረም ላይ ይጀምሩ። በመጋቢት የተጀመረ ነገር ፈተናና የዓመቱ መዝጊያ ይውጠዋል።

በሳምንት አንድ ሰዓት ያዘጋጁ፤ የማይዛነፍ ይሁን። አንድ ወፍራም ክላሴርም ይግዙላት። የምትሠራው እያንዳንዱ ሥራ ፊርማዋ ያለበት ወረቀት ይወጣዋል፤ የወረቀቱ ቅጂ በዚያው ቀን ክላሴሩ ውስጥ ይገባል። ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት ካልያዙ፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለታችሁም መሳቢያ ስትበረብሩ ታድራላችሁ።

የአካባቢውን ቀን መቁጠሪያም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ በማና፣ በጎማና በሊሙ በኩል ወላጅም ተማሪም ማሳ ላይ ነው የሚገኘው። የመጀመሪያዋን የወላጆች ስብሰባ በኅዳር ቀጥረው ባዶ ወንበር እንድትመራ አያድርጓት። የዓርብ ቀትርን፣ የገበያ ቀንንና የረመዳንን ምሽቶች ይለፉ።

ደረጃ 1፦ ሰው መምረጥ

በመምህራን ስብሰባ ላይ ብዙ የምትናገረዋን አይፈልጉ። ሌላ ቦታ ይመልከቱ። ውጤት ቀድማ የምታስረክበው ማን ናት? ሮስተር የጠፋበት ባልደረባ ማንን ይጠይቃል? እርስዎ ሲሳሳቱ ቢሮ ድረስ መጥታ «ይህ ልክ አይመስለኝም» ያለችዎትስ? የመጨረሻዋን ከሁሉም አስቀድሜ እይዛለሁ።

ቀጥለው የቅርቡን የርዕሰ መምህር ምልመላ ማስታወቂያ ያግኙና መስፈርቱን ከእሷ ማህደር ጋር ያስተያዩ፦ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የደረጃ ዕድገት፣ የመጨረሻዎቹ የሥራ አፈጻጸም ውጤቶች። የጎደለ ካለ ዛሬውኑ ይታወቅ። ለምሳሌ የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚያስፈልጋት ከሆነና ስልጠናው በክረምት የሚሰጥ ከሆነ፣ በክረምቱ ልጆቿ ማን ጋር እንደሚሆኑ የምታስብበት ጊዜ መስከረም ነው፤ ሰኔ ላይ ይረፍዳል።

አጠያየቁም ዘዴ አለው። «ርዕሰ መምህርት መሆን ትፈልጊያለሽ?» ካሏት «እኔ? ኧረ ይቅርብኝ» ብላ ታልፋለች። እንዲህ ይበሏት፦ «የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ድልድል ከእኔ ጋር ብትሠሪ ምን ይመስልሻል? አንድ ሳምንት አስቢበት።»

*እምቢ ካለች።* ምክንያቷን ይጠይቁ። እኔ ካየኋቸው አብዛኛዎቹ ከሦስት አንዱን ይላሉ፦ የምሽት ስብሰባ፣ የገንዘብ ተጠያቂነት፣ ወይም ርቆ መመደብ። ከተማ ውስጥ ቤት ያላት መምህርት ዴዶ ወይም ሶኮሩ እመደባለሁ ብላ ብትፈራ ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ በማሞገስ አይሸፍኑት። የምደባው አሠራር ምን እንደሆነ ከወረዳው ወይም ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው እውነተኛውን መልስ ያምጡላት። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለች ይተዋት።

ደረጃ 2፦ የአንድ ገጽ ስምምነት

በቃል አይጀምሩ። በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፦ የምትገናኙበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤ ከሁለታችሁ የማይወጣ ጉዳይ፤ ግንኙነቱ የሚቋረጥበት ምክንያት።

ቦታው በሩ የተከፈተ ቢሮ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይሁን። ሆቴል አይሆንም፤ ቤትም አይሆንም። በጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የታየ ሰው ወሬው እርስዎ የተሳፈሩበት ባጃጅ የከተማዋ መርካቶ ሳይደርስ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወሬው ደግሞ የሚጎዳው እሷን ነው።

ወንድ አማካሪ ከሆኑ ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛ፣ ከዚያው የጉድኝት ማዕከል (አብረው ከሚሠሩ የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) አንዲት ርዕሰ መምህርት ወይም ሱፐርቫይዘር በወር አንድ ጊዜ አብራችሁ እንድትቀመጥ ይጋብዙ። ሁለተኛ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይደውሉ፤ የማያድር ነገር ካለ አጭር መልእክት ይበቃል።

ቀጥሎ በመምህራን ስብሰባ ላይ ማን ምን ሊሠራ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ። የተደበቀ ነገር ሐሜት ይጠራል።

ማስጠንቀቂያ። ከጀርባዋ ሄደው ባሏን አያነጋግሩ። «አስፈቀድኩላት» ብለው የሚኩራሩ አማካሪዎች ገጥመውኛል። መምህርቷ አዋቂ ሰው ናት፤ ለቤቷ የምትነግረውን ራሷ ትነግራለች። እሷ ራሷ «መጥተው ቢያስረዱልኝ» ካለች ብቻ ይሂዱ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። አማካሪው ከሥራ ውጭ የሆነ ነገር ከጠየቀ ወይም ካመላከተ ስምምነቱ በዚያው ቀን እንደሚያበቃና ጉዳዩን ለማን እንደምታመለክት በገጹ ላይ ይጻፉ። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ የከበደው ሰው አማካሪ አይሁን።

ደረጃ 3፦ ሸክሟን ቆጥሮ ማውረድ

ያለፈውን ሳምንት በሰዓት ከፋፍላ እንድትጽፍ ያድርጉ። በሳምንት የምታስተምረው ክፍለ ጊዜ ስንት ነው? ስንት ኮሚቴ ውስጥ አለች? አብዛኛውን ጊዜ የሻይ ኮሚቴ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የለቅሶና የሠርግ መዋጮ ሰብሳቢነትና የሥርዓተ ጾታ ክበብ አንድ ላይ ተደራርበው ያገኟቸዋል። እነዚህ ሰዓቷን ይበላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደግሞ ክላሴሩ ውስጥ የሚገባ አንድ ወረቀት እንኳን አይተዉላትም።

አዲስ ሥራ ከመጨመርዎ በፊት ቢያንስ ሁለቱን በደብዳቤ ያንሱላት። ክበቡን የምትወደው ከሆነ አይንኩባት፤ ሻዩን ያንሱ። ከተቻለም ከትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ጋር ተነጋግረው ሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜ ይቀንሱላት።

*መምህራን ካጉረመረሙ።* ማብራሪያውን እርስዎ ይስጡ። ደብዳቤው ላይ የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ እሷን ለመልስ አያስቀርቧት።

ደረጃ 4፦ ሦስት ሳምንት ከጎን ሆኖ ማየት

ይህ አጭር ነው፤ አያስረዝሙት። በማኔጅመንት ኮሚቴ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት፣ በአንድ የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ ትቀመጥ፤ አንድ ቀን ደግሞ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብራችሁ ሂዱ። በደብተሯ በአንድ ወገን የተወሰነውን፣ በሌላው ወገን «እኔ ብሆን» የምትለውን ትጻፍ። ምክንያትዎን ከመናገርዎ በፊት የእሷን ውሳኔ ይስሙ።

ቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ብቻ ትያዝ። ሴት በገባችበት ስብሰባ ሁሉ እስክሪብቶው ወደ እሷ ይሄዳል፤ ስትጽፍ የዋለች ሰው ደግሞ ሳትናገር ትወጣለች። በሦስተኛው ስብሰባ እስክሪብቶውን ለሌላ ይስጡት።

ደረጃ 5፦ ሦስት እውነተኛ ሥራዎች

የመመሪያው ሆድ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ አሳጥረው ይህን በደንብ ከሠሩ ግማሽ መንገድ ሄደዋል።

ሥራ አንድ፦ የክፍለ ጊዜ ድልድል። የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ድልድል በጥር እሷ ትሥራ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መምህራንን፣ ክፍሎችንና የእያንዳንዱን ትምህርት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ በአንድ ትልቅ ወረቀት ትዘርዝር።
2. እጃቸው የታሰረውን አስቀድማ ታስገባ፦ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምሩትን፣ ቤተ ሙከራ የሚጋሩትን፣ አንድ ሜዳ ያላቸውን የስፖርት መምህራን።
3. የሚያጠቡ እናቶችንና የሕክምና ቀጠሮ ያላቸውን ቀጥላ ታስገባ። የቀረው ከዚህ በኋላ ይገባል።
4. በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ላይ ከላይ ወደ ታች በቀለም እርሳስ እየወረደች፣ አንድ ስም ሁለት ቦታ መግባት አለመግባቱን ትፈትሽ። ኮምፒውተር ላይ የሠራችውንም ቢሆን አትማ በእርሳስ ትፈትሸው።
5. ረቂቁን ሦስት ቀን ትለጥፈው፤ አስተያየት የሚጻፍበት ወረቀት ከጎኑ ይኑር።
6. የመጨረሻው ላይ «ያዘጋጀችው» ብላ እሷ ትፈርም፤ «ያጸደቀው» ላይ እርስዎ ይፈርሙ።

*መምህር እርስዎ ቢሮ መጥቶ ቅሬታ ካሰማ።* «ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ለእሷ ይንገሯት» ብለው ይመልሱት። ከጀርባዋ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳን ቢያዛውሩ ሥራው ተመልሶ የእርስዎ ይሆናል።

*ሰኞ ጠዋት ሁለት መምህራን አንድ ክፍል በር ላይ ከተገናኙ።* አይደንግጡ፤ ይገናኛሉ። የምታስተካክለው እሷ ናት። እርስዎ የእሷን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ገብተው ያስተምሩና አርባ ደቂቃ ይስጧት።

ሥራ ሁለት፦ ገንዘብና ንብረት። ብዙዎች ከዚህ ያርቋታል፤ «እንዳትጠየቅ ብዬ ነው» ይላሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ትጠየቃለች። ከትምህርት ቤቱ ድጎማ አንድ ትንሽ ግዥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስጧት፤ የበር ቁልፎች ወይም የልጃገረዶች ንጽሕና ክፍል ዕቃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዕቅዱ በሚመለከተው አካል ይጸድቃል፤ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ የግዥ ኮሚቴ ይወስናል፤ ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ የሚፈልገው ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ሦስቱን ቅጾች በእጇ ሞልታ ትየው። ቁጥሮቹን በቃሉ የያዘና ቅጹን የሞላ ሰው ልዩነታቸው ፈታኝ ፊት ወዲያው ይታወቃል።

ሦስት ክልክሎችን ያስተምሯት፦ ጥሬ ገንዘብ ብቻዋን አትያዝ፣ ዓይኗ ባላየው ዕቃ ላይ አትፈርም፣ ባዶ ቅጽ ላይ አትፈርም። «ነገ እሞላዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ፈርሚ» የሚላት ሰው እርስዎ ቢሆኑም እንኳን አትፈርም። አንድ ቀን ሆን ብለው ይሞክሯት።

*ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ከአንድ መሳቢያ የወጡ ከመሰሉ*፣ ማለትም የእጅ ጽሑፋቸው አንድ ከሆነ ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው ከተመሳሰለ፣ ግዥውን ታቁም፣ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ታስይዝ፣ እንደገና ትሰብስብ። ይህ ቃለ ጉባኤ ከክላሴሩ ምርጥ ገጾች አንዱ ይሆናል።

ሥራ ሦስት፦ የወላጆች ስብሰባ መምራት። አጀንዳው ከሦስት አይብለጥ። ከሁለት ቀን በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጮክ ብላ ትለማመድ፤ እርስዎ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምጿ ይደርስ እንደሆነ ይስሙ።

ቋንቋውን ያስቡበት። አፍ መፍቻዋ አማርኛ ከሆነ መክፈቻውንና ዋናዎቹን ውሳኔዎች በአፋን ኦሮሞ መናገር መቻል አለባት። ወላጆች ስሕተቷን ይታገሳሉ፤ አለመሞከሯን ግን ያስተውላሉ።

በስብሰባው ቀን እርስዎ መድረክ ላይ አይውጡ፤ ከኋላ ይቀመጡ። ወላጅ ተነሥቶ ጥያቄውን ወደ እርስዎ ካዞረ ዓይንዎን ወደ እሷ ይመልሱ፤ ዝምታው ቢከብድም አይናገሩ። ሰው ከተጣላ «ይህን ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ከእርስዎ ጋር እናየዋለን» ብላ ወደ አጀንዳው ትመለስ፤ ያለችውን ግን በዚያው ቀን ትፈጽም።

ደረጃ 6፦ የአምስት ቀን ውክልና

በግንቦት መጀመሪያ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ትምህርት ቤቱን ይረከቡልኝ ይበሏት። የቃል ውክልና ዋጋ የለውም። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፉ፤ ምን መፈረም እንደምትችልና እንደማትችል ይዘርዝር፤ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለምክትሉና ለማስታወቂያ ሰሌዳው ግልባጭ ይሂድ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በቦታው ካለ አስቀድመው ያነጋግሩት፤ እሱን ዘልለው የሚሰጡት ውክልና ገና ሳይጀመር ይፈርሳል። እሱ ራሱ ሥራውን ከፍሎ የሚወክላት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ዋዜማውን ሦስት ነገሮችን በአፍ ያስኬዷት፦ አራት መምህራን በአንድ ጠዋት ቢቀሩ፣ ሁለት ተማሪዎች ቢደባደቡ፣ ጽሕፈት ቤቱ «ሪፖርት እስከ 10 ሰዓት» ቢል። ስልክ የምትደውልልዎ ልጅ ሲጎዳ ወይም ፖሊስ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከዚያ ይጥፉ። እኔ በአንድ ወቅት በሁለተኛው ቀን «ጃንጥላዬን ብቻ ልውሰድ» ብዬ ተመለስኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ የጅማን ከሰዓት በኋላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በር ላይ ሦስት መምህራን ፈቃድ ጠየቁኝ፤ ለአንዱ ሳላስበው «እሺ» አልኩት። የእሷ ሳምንት እዚያው በር ላይ አለቀ። ጃንጥላዎን አስቀድመው ይያዙ።

*አንድ ነባር መምህር «ከአንቺ ትእዛዝ አልቀበልም» ካለ።* አትጩህ፣ አትለማመጥም። ትእዛዙን በጽሑፍ ትስጥ፣ አለመፈጸሙን በጽሑፍ ትያዝ። ሲመለሱ ጉዳዩን በደንቡ መሠረት ይጨርሱ፤ ቡና ጋብዘው አስታርቀው አይለፉት።

*ስሕተት ከወሰነች።* የልጅ ደኅንነት ወይም ገንዘብ ካልሆነ በስተቀር ውሳኔዋን አይሻሩ። ራሷ በሁለተኛ ደብዳቤ ታርመው።

ደረጃ 7፦ ማመልከትና መፈተን

ማስታወቂያውን ሰሌዳው ላይ ሄዳ ራሷ ታንብብ፤ በስልኳም ፎቶ ታንሳው። «ገና አሥር ቀን አለ» ያሏት ሰዎች ቀኑን ከማያውቁት ይብሳሉ። በማስታወቂያው ውስጥ «እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጡ ሴት ተወዳዳሪዎች ቅድሚያ» የሚል ካለ ታስምርበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ለሴቶች ድጋፍ የሚሰጥ እርምጃን መብት ያደርገዋል፤ የምታፍርበት ነገር አይደለም። «በኮታ ነው» ለሚላት ክላሴሩን ትክፈትለት።

በኦሮሚያ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ማመልከቻዋን በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ራሷ ትጻፍ፤ ፊደል የሚያርም ሰው ይይላት። ልምምዱም በዚያው ቋንቋ ይሁን። በአማርኛ አሳምሮ መመለስን አስለምደው ፈተናው በሌላ ቋንቋ ሲመጣ አንደበቷ የታሰረባት አይቻለሁ።

የልምምድ ቃለ መጠይቅ ሦስት ጊዜ ያካሂዱ፤ በሦስተኛው ከፈታኞቹ አንዱ የማታውቀው ሰው ይሁን። ክላሴሩን በትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አራት ዐበይት ርእሶች ይከፋፍሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ለእያንዳንዱ ራሷ የሠራችው አንድ ሥራ ይኑራት። «ጥሩ መሪ ታጋሽ መሆን አለበት» ብላ ከጀመረች ያስቁሟትና «ምን ሠራሽ?» ይበሏት።

«ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መጠየቅ ባይገባውም ይመጣል። መልሱ አጭር ይሁን፦ «ቤቴን አስተካክዬ ነው የመጣሁት፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ልቀጥል።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አትስጥ።

እርስዎ የመልማይ ኮሚቴ አባል ከሆኑ በጽሑፍ ራስዎን ያግልሉ። ካላገለሉ ብታልፍም ስሟን ያጎድፋሉ።

*ካላለፈች።* በዚያው ሳምንት ዝርዝር ነጥቧን በጽሑፍ ትጠይቅ። አሠራሩ ተዛብቶ ከሆነ በተሰጠው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ ታመልክት። ነጥብ የጎደለባት በእውቀት ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ ያንኑ ሥራ ብቻ ድገሙት፤ ዓመቱን በሙሉ እንደገና አይጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ሹመቱና ርክክቡ

የሹመት ደብዳቤዋን ይዛ አዲስ ትምህርት ቤት ስትደርስ የመጀመሪያው ፈተና ርክክብ ነው። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ተቻኩሎ «ዝርዝሩ ይኸው፣ ፈርሚ» ይላታል። ሳትቆጥር አትፈርም። ንብረት፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ማኅተም፣ ቁልፎች፣ ያልተቋጩ የዲሲፕሊን ጉዳዮችና የቃለ ጉባኤ መዝገቦች በየተራ ይታዩ፤ የጎደለው «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሦስተኛ ወገን ይፈርም።

በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ይደውሉላት፤ በሁለተኛው በየአሥራ አምስት ቀኑ፤ በሦስተኛው እሷ ስትደውል ብቻ ያንሱ። ስትደውል መጀመሪያ «ምን ወሰንሽ?» ብለው ይጠይቋት። ትምህርት ቤቷ ድረስ ካልጋበዘችዎ አይሂዱ፤ ከሄዱም እንግዳ ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ለርክክቡ ሁለት ሙሉ ቀን ትመድብ፤ በግማሽ ቀን አያልቅም። መጋዘኑ ጥግ የተከመሩትን የተሰበሩ ዴስኮችም ትቁጠር፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ነው።